ለእህቴ ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ጆሀንስበርግ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከዓመታቱ ሁሉ ግን አንድ ማክሰኞ ይበልጥብኛል። ያን ቀን ጠዋት ከቤት የወጣሁት እህቴን ልዋሻት አስቤ ነው። ስለማልወዳት አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ ላይ የምትታዘቡኝ ነገር ስላለ ነው።

በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ሱቅ ነበረኝ። ከዱራሜ የመጣን ልጆች እንደምናደርገው በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ጀመርኩና ኋላ ታምራት ከሚባል የአገሬ ልጅ ጋር ተሻርኬ የራሴን ከፈትኩ። ዳቦ፣ ወተት፣ የስልክ ካርድ፣ ሲጋራ በነጠላ፤ በብረት ፍርግርግ እያሾለኩ ስሸጥ እውላለሁ። እሁድ ሱቁን ለታምራት ትቼ ትሮይቪል ሰፈር እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ እሷ ጋ እበላለሁ፣ ሳይመሽ እመለሳለሁ።

ከሱቁ ይልቅ የምኮራበት ግን ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራዬ ነበር። አስተርጓሚ ነበርኩ። አገር ቤት ዲፕሎማ ይዣለሁ፣ እንግሊዝኛዬም ከብዙዎቹ ይሻላል። ከኛ ሰው ማንም ሆስፒታል ቢገባ፣ ወረቀት ሊያሳድስ ቢሄድ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቢጠራ፣ “ማቴዎስን ጥሩት” ይባላል። እኔ ደግሞ የራሴ አተረጓጎም ነበረኝ። ሐኪሙ “ኩላሊቱ አልቋል” ካለ እኔ “ኩላሊትህ ትንሽ ደክሟል” እላለሁ። “ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም” ካለ “ቤትህ ሄደህ ዕረፍ ብለዋል” እላለሁ። እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ቁርጡን አይነግሩትም። ለዘመድ በጆሮው ይነገረዋል፣ ዘመድ ውጭ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ይገባና “ዛሬስ ፊትህ ተመልሷል” ይላል። ሰዎች አንደበትህ ይባረክ ይሉኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ምርቃቱን እወደው ነበር።

እህቴ አስቴር በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም ነው የምላት። ወደዚህ አገር ያመጣችኝም እሷ ናት። እንደመጣች ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክማ ከቤት ቤት እየዞረች ትሸጥ ነበር። ልጇ ሶስና፣ ሶሲ የምንላት፣ ስትወለድ ታፍና ስለቆየች ዛሬም አትራመድም፣ አትናገርም፣ አንገቷ እንኳ በወጉ አይቆምም። በማወራችሁ ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባትየው ነገሩ ሲገባው ደርባን ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፤ ሥራው እስካሁን አላለቀለትም መሰለኝ አልተመለሰም። እታለም ሶሲን አዝላ፣ ብርድ ልብሱን በራሷ ተሸክማ ዞረች። ሶሲ ስትከብዳት መዞሩን ተወች።

ከዚያ ወዲህ ያቆማቸው፣ መንግሥት ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጅ ለሚያሳድግ ሰው የሚሰጠው ድጎማ ነው። እዚህ ሁሉም “ግራንት” ይለዋል። እታለም የስደተኝነት ጥያቄዋ ጸድቆላት ስለነበር ይሰጣት ነበር፤ እኔም በዚያው መንገድ ወረቀት አግኝቻለሁ። የሶሲ ዳይፐር፣ ወተቷ፣ ወደ ሕክምና የምትመላለስበት ታክሲ፣ ሁሉም በሱ ነው። ድጎማው የልጅቷ ይባል እንጂ የሚወጣው በአሳዳጊዋ ስም ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ያን ዓመት እታለም ደም ይፈሳት ጀመር። ለወንድም የሚነገር ነገር አይደለምና ለወራት ሸሸገችኝ። ሆስፒታል የገባችው ወድቃ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነጭ ልጅ ነበር፤ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ለእኔ ነገረኝ። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ነው፤ ጉበቷንና አጥንቷን ይዟል፤ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ በሽታውን መመለስ አንችልም፤ ምናልባት ሁለት ወር። ከዚያ “ንገራት” አለኝ።

እታለም ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች።

“ምን አለ ማቴ?”

“የማኅፀን ቁስለት ነው አለ። ብዙ ቆይቷል፣ ግን መድኃኒት አለው። ቀስ ብሎ ይድናል።”

“ቀስ ብሎ” አለች።

“አዎ፣ ቀስ ብሎ።”

“እንግዲያው ተመስገን።”

ሐኪሙ እንዲህ ረጋ ማለቷን አይቶ ተረድታዋለች ብሎ መሰለኝ፣ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር፣ ሚስስ ማሴኮ የምትባል ሴት ያዘችኝ። የሶሲን ነገር ከፋይሉ ላይ አንብባለች።

“ልጅቷ አሁን ማን ጋ ናት?” አለችኝ።

“ጎረቤት ጋ።”

“እናቷ ስትሞትስ?”

“እኔ አለሁ” አልኳት።

“እንግዲያው ስማኝ። ግራንቱ በእናቷ ስም ነው፤ ስትሞት ይቆማል። አንተ አሳዳጊ እንድትሆን፣ አእምሮዋ ደህና ሳለ፣ መታመሟን አውቃ ልጅቷን ለአንተ እንደምትሰጥ በራሷ አንደበት ብትናገርና ብትፈርም ነገሩ ይቀላል። ከሞተች በኋላ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። እስኪወሰን ልጅቷን ሌላ ቦታ ማቆየት ሊመጣ ነው። ዛሬ ነገ አትበል።”

እሺ አልኳት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።

ትድኛለሽ ያልኳትን ሴት እንዴት አድርጌ ትሞቻለሽና ልጅሽን አስረክቢኝ ልበላት? ቢጨንቀኝ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስን አማከርኳቸው።

“በበሽተኛ ፊት ሞትን አንስተህ እምነቷን ልትሰብር ነው?” አሉኝ። “ጌታ ሊያስነሳት ይችላል እኮ።”

“ወረቀቱስ ጋሼ?”

“ወረቀት ወረቀት ነው። ጌታ ያውቃል።”

ጌታ እንደሚያውቅማ አልተጠራጠርኩም። የግራንቱ ቢሮ የሚፈልገው ግን የእታለምን አንደበት ነበር።

እታለም ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ተኛች። እኔ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ እመላለሳለሁ። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ሶሲን ከአልጋ ወደ ወንበሯ ሳነሳት “ከበደች አይደል?” አለችኝ። “ስትድኚ አንቺው ትሸከሚያታለሽ” አልኳት። ሌላ ቀን “ሱቁን ታምራት ብቻውን ይችለዋል?” አለች። “ምን አስጨነቀሽ፣ ስትድኚ እናወራለን” አልኳት። “አንተ ማግባትም አለብህ” አለችኝ ሌላ ጊዜ። “ስትድኚ ትድሪኛለሽ” ብዬ ሳቅኩ። እሷም ፈገግ አለች። ጎበዝ አስታማሚ የሆንኩ መሰለኝ።

በነዚያ ሳምንታት ከካትሌሆንግ አንዲት አሮጊት መምጣት ጀመሩ። ድሮ እታለም ብርድ ልብስ ስትሸጥላቸው የነበሩ ደንበኛዋ ናቸው፤ ጎጎ እንላቸዋለን፣ በዙሉ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው በዙሉ ያወራሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ እሁድ ሶሲን በማንኪያ ሲያጎርሷት ደረስኩ፤ እታለም ከትራሷ ቀና ብላ እጃቸውን በዓይኗ ትከተላለች። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ደግ ሰው ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሚስስ ማሴኮ ወረቀቱ ምን ደረሰ ብላ ስትደውልልኝ አፈርኩ። ያኔ አንድ ዘዴ ታየኝ። ሰኞ ዕለት እታለም ጋ ሄጄ “ነገ የሶሲ ግራንት ዕድሳት አለ፤ አንቺም መገኘት አለብሽ” አልኳት።

“ዕድሳት?”

“አዎ። ፎርም መፈረም ብቻ ነው። ጥያቄውን እኔ አስተረጉምልሻለሁ።”

ብዙ አየችኝ። “እሺ” አለች።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ግራንቱን ከሚሰጠው ቢሮ ደጅ ደረስን። ሰልፉ አጥሩን ይዞ ዞሯል። አሮጊቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የሶሲን ተሽከርካሪ ወንበር ይዣለሁ፤ እታለም ክንዴን ይዛለች፤ ክብደቷ የለም። ጥበቃው አይቷት ፊት አስቀመጣት። እታለም አጠገቧ ያሉትን አሮጊት ብርድ ልብስ ጫፉን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ስፌቱን ዳሰሰችው። “ይሄ ጥሩው ዓይነት ነው” አለችኝ። “ስንት ዓመት ቢታጠብ አይላጥም።” በሩ እስኪከፈት እኔ በሆዴ የምዋሸውን ውሸት እየተለማመድኩ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ሴት ወፍራም፣ ሹራብ የለበሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነበረች። ሚስስ ማሴኮ ስለ እታለም ሕመም ጽፋ የሰጠችኝን ደብዳቤ በፖስታው ሰጠኋት። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። እታለምን አየች፣ ሶሲን አየች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ለእኔ “አዝናለሁ” አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

“እህትህን ጠይቅልኝ፤ እንደማትድን ታውቃለች?”

ወደ እታለም ዞርኩ።

“ሶሲ እንደማትድን ታውቂያለሽ ወይ ትላለች።”

እታለም ልጇን አየት አደረገች። “አውቃለሁ በላት።”

“ታውቃለች” አልኳት ሴትየዋን።

ጻፈች። “ልጇን ለአንተ የምትሰጠው በፈቃዷ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላስገደዳት ጠይቃት። መልሱን ከሷ መስማት አለብኝ።”

“ፎርሙ እንዲታደስ ፈቃደኛ ነሽ ወይ ትላለች።”

ሴትየዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። “እሺ በያት እንጂ” አልኩ ቀስ ብዬ። እታለም ከእኔ ዓይኗን አነሳችና ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተደግፋ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለች።

“ንጊያዚ ማማ” አለቻት። “ንጊያፋ።”

አውቃለሁ እናቴ፣ እየሞትኩ ነው ማለቷ ነው። ይህን ያህል ዙሉ እኔም አውቃለሁ።

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ሁለቱ ማውራት ያዙ። የእኔ ዙሉ የባንኮኒ ዙሉ ነው፤ ከዋጋ፣ ከመልስና ከ“ነገ ና” አያልፍም። እታለም ግን ያን ሁሉ ዓመት በየሰው ደጅ እየቆመች፣ ሻይ እየተጋበዘች፣ የሰውን ሐዘንና ሠርግ እየሰማች ነው የተማረችው። እንግሊዝኛ ስለማትችል ብቻ ለቢሮ የሚሆን ቋንቋ የላትም ብዬ ነበር። አሁን ድምጿ ለስልሶ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል፤ እኔ “ጎጎ” ስትል፣ “ካትሌሆንግ” ስትል፣ “ቡቲ” ስትል ብቻ እለያለሁ። ቡቲ ወንድም ማለት ነው። ሴትየዋ አንድ ጊዜ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ስለ እኔ እያወሩ እኔ የሚተረጉምልኝ አጥቼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች።

“እህትህ ያለችውን ልንገርህ?”

እኔ፣ የሰፈሩ አስተርጓሚ፣ “እባክሽ” አልኳት።

“ሆስፒታል በገባች በማግስቱ አንዲት ነርስ በዙሉ ሁሉንም ነግራታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ እንድታነሳው ስትጠብቅ ነበር። አንተ ዝም ስትል ልጅቷን መያዝ እንደማትፈልግ ገባት። ወጣት ነህ፣ አላገባህም፤ አልፈረድኩበትም ትላለች። ስለዚህ ልጅቷን ካትሌሆንግ ላሉ አሮጊት ለመስጠት ተነጋግራለች። ዛሬ እዚህ የመጣችው የቢሮው ሰዎች ይፈቅዱልኝ እንደሆን ልጠይቅ ብላ ነው።”

የጎጎ ማንኪያ ታወሰኝ። እታለም እያስተማረቻቸው ነበር። ልጇን ለሌላ ሰው እያስረከበች እኔ በሩ ላይ ቆሜ ተባረኩ እላለሁ። በቁሜ አፈር ብሆን በወደድኩ።

“እታለም” አልኩ። “እኔ እኮ እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው።”

“አንተን ማስቸገር አልፈለግኩም ማቴ።”

“ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ጠየቅኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ። ስትድኚ ትለኛለህ።” ቁጣ የለባትም፤ ደክሟት ነበር። “እንቅልፍ ያጣሁት በሞቱ አይደለም። ማን ያነሳታል እያልኩ ነው። ጎጎ ደግ ናቸው፣ ግን አርጅተዋል። ከሳቸው በኋላስ እያልኩ ነው የማነጋው።”

ወደ ሴትየዋ ዞሬ በእንግሊዝኛ “ልጅቷን እኔ እወስዳለሁ፣ ይጻፍልኝ” አልኳት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች።

“ለእኔ አይደለም። ለሷ ንገራት።”

ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ሰው በአማርኛም አልሆነልኝም፤ እናታችን ታናግረን በነበረበት በከምባትኛ ነገርኳት። ትሞቻለሽ አልኳት። ሶሲን እኔ አሳድጋታለሁ፣ ለማንም አልሰጣትም አልኳት። የመጀመሪያውን ቃል ስል እዚያው ሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። እታለም ግን አላለቀሰችም። “ደግመህ በለው” አለችኝ። ደገምኩት።

ከዚያ ብዕሩን ተቀበለች። ሙሉ ስሟን፣ የአባቷን ስም ጨምራ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል በፊደል ጻፈች። ልረዳት ብል ከለከለችኝ። ማኅተሙ ተመትቶ፣ ኮፒው ተነስቶ፣ የእኔ ማመልከቻ ተሞልቶ ስንወጣ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታክሲው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ትሮይቪል እስክንደርስ አልነቃችም።

ከዚያ በኋላ የኖረችው አሥራ አንድ ቀን ነው። ሱቁን ለታምራት ትቼ እሷ ጋ ገባሁ። መናገር የቻለችው የመጀመሪያዎቹን አራት ቀን ብቻ ነበር፤ በነዚያም ከስብከትም ከኑዛዜም ይልቅ የሶሲን ነገር ስታስተምረኝ ዋለች። ስታጎርሳት አገጯን በአውራ ጣትህ ደገፍ አድርግ። ውሃ ባዶውን አትስጣት፣ ያንቃታል፤ ወፈር አድርገው። በግራ ጎኗ ስትተኛ እግሯ መሃል ጨርቅ አግባ። ጥርሷን ካፋጨች አሟታል ማለት ነው። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። አምስተኛው ቀን ላይ ሕመሙ በረታ፤ የሚሰጧት መድኃኒት አስተኛት፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን ብቻ ነበር የምትጠራው።

ግራንቱ በእኔ ስም ሆነ። የሱቁን ድርሻዬን ሸጬ ከእታለም ቤት በታች ትንሽ የስልክ ዕቃ መሸጫ ከፈትኩ፤ ሶሲ አጠገቤ ትውላለች። ጎጎ ልጅቷን ባያገኙም አልቀሩብንም፤ ሐሙስ ሐሙስ በታክሲ መጥተው ፀጉሯን ይሠሯታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ያለ ልጅ ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ያ ሰው ሲታመም ምን እንደሚሆን ዛሬ ተነጋገሩ። ወረቀቱ በማን ስም እንደሆነ እዩ። እኔ ከሕመምተኛ ላይ ሸክም ያነሳሁ መስሎኝ ሌላ ሸክም ጨመርኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ደባቂው አስታማሚው ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። አሁንም ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ አስተረጉማለሁ። በሩ ላይ ግን ለዘመዶቹ “የተባለውን ነው የምናገረው፤ ካልፈለጋችሁ ሌላ ሰው ጥሩ” እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሌላ ሰው ይጠራሉ። ምርቃቱም ቀርቶብኛል።

ሶሲ አምስት ድምፅ አላት። አራቱን እታለም አስተምራኛለች፤ የረሃቡን፣ የሕመሙን፣ የእርጥበቱንና ሰው ሲመጣ የምታሰማውን። አምስተኛው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ ከጉሮሮዋ የሚወጣ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ወደ በሩ እያየች ታሰማዋለች። ደብተሬ ውስጥ የለም። ጎጎን ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም አያውቁትም። እናቷ ታውቀው ነበር፤ እኔም ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። እጇን ይዤ “እሺ ሶሲ” እላታለሁ። ምን እንደምትለኝ ግን አላውቅም።